ግዴታው የማን ነው? አዲስ ሐኪም ወደ ባላገር የመላኩ አሳብ ሲመረመር

በትምህርት ክፍሎቻችንም ሆነ በመኝታ ቤቶቻችን አዘውትረው ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ፥ አዲስ የተመረቀ ሐኪም በባላገር ለተወሰነ ዘመን እንዲያገለግል በሕግ መገደድ ይገባዋልን ወይስ አይገባውም የሚለው ነው። ክርክሩ የቆየ ነው፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ በሁለት ወገን ጩኸት ብቻ ሲካሄድ ይታያል። አንደኛው ወገን «ሕዝብ በግብሩ አስተምሮሃልና ዕዳህን ክፈል» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ነፃ ሰው ነኝ፤ ሙያዬን የምሠራበትን ስፍራ እኔ እመርጣለሁ» ብሎ ይመልሳል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የሁለቱንም ወገኖች አሳብ በየተራ ከመረመርን በኋላ፥ ሁለቱም የዘነጉት አንድ ትልቅ ነገር እንዳለ ለማሳየት እንሞክራለን። ይኸውም ስለ ግዴታ በተነገረ ቁጥር የሚነገረው ስለ ተላኪው ብቻ ሆኖ፥ ላኪው በበኩሉ ምን ግዴታ እንዳለበት ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው።

አሳባችን መሬት እንዲይዝ አንድ ቦታ ለምሳሌ መርጠናል። ቦታውም ጎረቤላ ነው። ጎረቤላ በሰሜን ሸዋ የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ ሲሆን፥ ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚያቆለቁልበት አፋፍ ላይ ይገኛል። ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ጎረቤላ ከዋናው ከተማ ጋር ሲነጻጸር ሩቅ አገር የሚባል አይደለም፤ የመረጥንበትም ምክንያት ይኸው ነው። አንድ ሕግ ለአዲስ አበባ በዚህ መጠን ቅርብ በሆነ ቦታ ፍሬ ካላፈራ፥ በጋምቤላ ወይም በቦረና ጠረፍ ያፈራል ብሎ ተስፋ ማድረግ አስቸጋሪ ነው።

የአንኮበር ምድር ለአንድ ሐኪም ቀላል ትምህርት ቤት አይደለም። በአፋፉ ላይ ብርድና ብርዱ የሚያመጣው የሳምባ በሽታ አለ፤ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ ደግሞ ወባ ይጀምራል። አማራውና አርጎባው በአንድ ወረዳ ይኖራሉ፤ ከቆላው የሚመጣው አፋርም የገበያ ጎረቤት ነው። ሕዝቡም ከሐኪም በፊት የራሱ የሆነ የመድኃኒት እውቀት አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የዕፅዋት ጥናት፥ በአንኮበር ወረዳ ለሰው በሽታ የሚያገለግሉ ከመቶ የሚበልጡ የመድኃኒት ዕፅዋትን መዝግቧል። ስለዚህ ወደዚያ የሚላክ ሐኪም የሚሄደው ባዶ ወደ ሆነ ስፍራ አይደለም። በሽተኛው ምን ቅጠል እንደ ጠጣ፥ ምን ሥር እንደ ታጠነ፥ ለምንስ ዘግይቶ እንደ መጣ ለመጠየቅ የሚችል፥ መልሱንም ሳይንቅ የሚሰማ ሰው መሆን ይኖርበታል።

የመጡና የሄዱ ሐኪሞች

አንኮበር ሐኪም ያየችው ዛሬ አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ በ1833 ዓ.ም. ክረምት፥ በካፒቴን ሐሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክት ወደ ሸዋ ሲመጣ በጓዙ ውስጥ ሐኪሞች ነበሩበት። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ቻርልስ ጆንስተን የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም መጥቶ በአልዩ አምባ ተቀመጠ፤ እርሱ ራሱም በዚያ ሳለ በትኩሳት ታሞ እንደ ተሠቃየ በመጽሐፉ ጽፏል። ከዚህ በኋላ በ1869 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፥ የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር በአንኮበር አጠገብ በልጥ ማረፊያ ጣቢያ አቋቋመ። መሪው ማርኪዝ አንቲኖሪ በ1874 ዓ.ም. በዚያው ከሞተ በኋላ ጣቢያውን በተራ ከመሩት ሰዎች መካከል ሁለቱ፥ ራጋዚና ትራቨርሲ፥ የሕክምና ዶክተሮች ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች የረዷቸው በሽተኞች እንደ ነበሩ አንጠራጠርም። ነገር ግን መምጣታቸውም ሆነ መሄዳቸው የተወሰነው በላካቸው መንግሥት ወይም ማኅበር ጉዳይ እንጂ በአንኮበር ሕዝብ የጤና ፍላጎት አልነበረም። የእንግሊዙ መልእክት የውል ጉዳዩን ሲጨርስ ተመለሰ፤ የልጥ ማረፊያ ጣቢያም በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል የነበረው ነገር ሲበላሽ ተዘጋ። የቤተ መንግሥቱ መቀመጫ ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ደግሞ ሐኪሙም ሆስፒታሉም የሚከተለው መቀመጫውን ሆነ። ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጥ ነው። ሐኪም የላኪውን ጉዳይ ብቻ ይዞ ሲመጣ፥ የላኪው ጉዳይ ባለቀ ጊዜ ይሄዳል፤ ቦታው ግን እንደ ነበረ ይቀራል። ይህ ለውጭ አገር ሰዎች ብቻ የሚነገር ታሪክ እንዳልሆነ ወደ ታች እናያለን።

በአገራችን የተሞከሩት መንገዶች

በአገራችን ትምህርትንና የባላገር አገልግሎትን ለማገናኘት የተሞከሩትን መንገዶች ስንመለከት፥ ሦስቱ በተለይ ሊመረመሩ የሚገባቸው ናቸው።

የመጀመሪያው የጎንደር ነው። በ1945 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ አጠገብ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፥ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ያሠለጠነው ሙሉ ሐኪሞችን ሳይሆን የጤና መኮንኖችን፥ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን ነበር። የዚህ አሳብ ዋና ጥበብ ሰውን ብቻውን አለመላኩ ነው። መኮንኑ፥ ነርሷና የጤና አጠባበቅ ባለሙያው በአንድነት ተምረው በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዱ ነበር፤ አንዱ በሽተኛ ሲያክም ሁለተኛዋ እናቶችን ትጐበኛለች፥ ሦስተኛው ምንጭና መጸዳጃ ይመለከታል። ሥልጠናቸውም ለሚሄዱበት ቦታ ተብሎ የተዘጋጀ ነበር።

ሁለተኛው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል ተወሰነ። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሆነው ሠሩ። ይህ አገልግሎት በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ባዘመተ ጊዜ ቀረ። ስለ አገልግሎቱ ብዙ ቢባልም፥ ሁለት ጠባዮቹ ሊመሰገኑ ይገባል። ግዴታው በሁሉም ትምህርት ክፍል ላይ በእኩል የወደቀ ስለ ነበረ አንዱ ሙያ ተለይቶ ተቀጣሁ ሊል አይችልም ነበር። ከዚህም በላይ፥ ላኪው ዩኒቨርሲቲ ራሱ ስለ ነበረ ተማሪውን የሚከታተል፥ ከአገልግሎቱም በኋላ ወደ ትምህርቱ የሚመልሰው ቤት ነበረው።

ሦስተኛው የዕጣው መንገድ ነው። ለብዙ ዓመታት ከሕክምና ትምህርት ቤት የሚወጡት ሐኪሞች በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር አማካይነት በዕጣ ይመደቡ ነበር። እንደ ደረሰው ክልል ጥቂት ዓመታት ያገለግላል፤ ይህን ሳይፈጽም የመልቀቂያ ወረቀቱን አያገኝም። ዕጣ ቢያንስ ከአማላጅ ይሻላል፤ የባለሥልጣን ልጅና የገበሬ ልጅ በአንድ ሣጥን ውስጥ እጃቸውን ይከታሉና። ይሁን እንጂ ዕጣ እኩል የሚያደርገው ሐኪሞችን እርስ በርሳቸው ነው እንጂ በሽተኞችን አይደለም። ዕጣ ማን አርጎብኛ ወይም አፋርኛ እንደሚሰማ አይጠይቅም፤ ማን በደጋ እንዳደገና ከዚያው ለመኖር እንደሚወድ አያውቅም፤ ማን ባለትዳር እንደ ሆነ አይመለከትም። የደረሰውም ሰው ቦታውን እንደ ሥራ ቦታ ሳይሆን እንደ መሸጋገሪያ ይቆጥረዋል፤ ቀኑን እየቈጠረ ይሰነብትና ወረቀቱ በደረሰው ዕለት ይሄዳል። በዚህ አኳኋን የሄደ ሐኪም ከልጥ ማረፊያ ሐኪሞች በምን ይለያል? እነርሱ የሄዱት የማኅበራቸው ጉዳይ ሲያልቅ ነው፤ ይህኛው የሚሄደው የመልቀቂያው ጉዳይ ሲያልቅ ነው።

በቅርብ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ታየ። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ቍጥር ከሦስት ተነሥቶ ሃያን አልፎ ሄደ። በዚህም ምክንያት በ2010ሮቹ ዓ.ም. ተመርቀው የሚቀጥራቸው ያጡ ጠቅላላ ሐኪሞች በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ታዩ። በዚያው ጊዜ በወረዳ ያለው በሽተኛ ሐኪም ማጣቱን አላቆመም። እንግዲህ በአንድ ወገን ሥራ የሚፈልግ ሐኪም፥ በሌላ ወገን ሐኪም የሚፈልግ በሽተኛ ተቀምጠው፥ በመካከላቸው የጎደለው የሐኪሙ ፈቃድ ሳይሆን የደመወዝ መደብና በጀት ሆነ። «ሐኪሞች ባላገርን ስለ ጠሉ ነው» የሚለው ክስ ይህን እውነት ሊያስረዳን አይችልም።

የደጋፊዎች አሳብ ሲመዘን

ግዴታውን የሚደግፉት ወገኖች የሚያቀርቡት ዋናው ምክንያት ዕዳ ነው። የሕክምና ተማሪ ስድስትና ሰባት ዓመት የሚማረው፥ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ደጃፍ ደርሶ በማያውቅ ገበሬ ግብር ጭምር ነው። ይህ እውነት ነው፤ እኛም በሙሉ ልብ እንቀበለዋለን። በጎረቤላ ገበያ የሚሸጠው ገብስና ባቄላ ቀረጥ ሲከፈልበት፥ ገንዘቡ የሚሄድባቸው መንገዶች አንዱ የእኛ ትምህርት ነው። ነገር ግን ዕዳው የሐኪሙ ብቻ እንዴት ሊሆን ቻለ? መሐንዲሱም፥ የሕግ ዐዋቂውም፥ የኢኮኖሚ ምሁሩም በዚያው ገንዘብ ተምረዋል። የ1957ቱ አገልግሎት ይህን በሚገባ ተረድቶት ነበር። ከዚህም ሌላ ዕዳ በገንዘብ የሚከፈል ከሆነ፥ ገንዘብ ያለው ከፍሎ ይወጣል፤ የሌለው ብቻ ይቀራል። በታይላንድ የታየው ይህ ነው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ሐኪም ሦስት ዓመት እንዲያገለግል፥ እምቢ ካለ ግን መቀጫ እንዲከፍል ተወሰነ፤ መቀጫው 400,000 ባት ሲሆን ከፍለው የሚወጡት ብዙ ሆኑ። በዚህ ጊዜ ግዴታው በድኃ ልጅ ላይ ብቻ የሚወድቅ ቀረጥ ይሆናል ማለት ነው።

ደጋፊዎች የሚሰጡት ሁለተኛው ምክንያት ትምህርት ነው። «ወጣቱ ሐኪም ባላገር ቢሄድ ብዙ ይማራል» ይባላል። ይህ አባባል መልካም መስሎ ቢታይም፥ በውስጡ አንድ የሚያሳዝን አሳብ ተሰውሮበታል። የሚማረው በማን ላይ ነው? በከተማ ሆስፒታል አንድ ጀማሪ ሐኪም ሲሳሳት አጠገቡ ሆኖ የሚያርመው አለ። ብቻውን በተላከበት ወረዳ ግን ስሕተቱን የሚያርመው የለም፤ የሚከፍለውም በሽተኛው ነው። የገበሬ ሚስት ለማንም ሰው መለማመጃ ልትሆን አይገባትም።

የተቃዋሚዎች አሳብ ሲመዘን

ግዴታውን የሚቃወሙት ወገኖች በበኩላቸው የነፃነትን ነገር ያነሣሉ። ሐኪም እንደ ማንኛውም ዜጋ የሥራ ቦታውን የመምረጥ መብት አለው ይላሉ። መብቱን አንክድም፤ ዳሩ ግን መብት ብቻውን ሲቆም ምን እንደሚያመጣ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 የነበረውን ሁኔታ የተመለከተ ጥናት፥ በኢትዮጵያ ከተወለዱት ሐኪሞች ከአሥሩ ሦስት ያህሉ በውጭ አገር ይሠሩ እንደ ነበረ አሳይቷል። ለእነዚህ ሰዎች የሄዱበት ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል፤ እኛም አንፈርድባቸውም። ነገር ግን ነፃ ምርጫ ብቻ ሐኪምን ወደ ጎረቤላ ያመጣዋል የሚል ሰው ካለ፥ ከዚህ ቍጥር ጋር መታገል ይኖርበታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የኑሮና የደኅንነት ነው፤ ይህኛው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ስለ ሥራ ሁኔታቸው አቤቱታ አሰምተው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር እስከ መነጋገር ደረሱ፤ በ2017 ዓ.ም. ግንቦትም የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም ሄዱ። በሰሜን ሸዋ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የብዙ ወረዳዎችን መንገድ አስፈሪ አድርጎታል። መንገዱን ሊያስከብርለት ለማይችል ሰው «ሂድ» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ኀላፊነቱን መውሰድ ግን ከባድ ነው። ሆኖም ለተቃዋሚዎቹም አንድ ጥያቄ አለን። ሐኪሙ ስለ አደጋው ሊቀር ይችላል፤ የአልዩ አምባ እናት ግን ወዴት ትቀራለች? አደጋ ግዴታውን የሚያስቀር ምክንያት ከሆነ፥ ግዴታው ከሐኪሙ ጫንቃ ወርዶ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚጫን መናገር አለባቸው።

ዋናው ጉድለት

እንግዲህ ከሁለቱም ወገን የቀረውን ነገር በአንድ ምሳሌ እናሳይ። ከአልዩ አምባ በታች ባለች መንደር አንዲት እናት ምጥ ተይዛ ሕፃኑ አልወጣ አለ እንበል። በመጀመሪያ ቤተ ሰቡ «ወደ ሐኪም እንውሰዳት» ብሎ መወሰን አለበት፤ ሁለተኛ ተሸካሚ ወይም መኪና ተገኝቶ ያን አቀበት መውጣት አለባት፤ ሦስተኛ በደረሰችበት ቤት ሕክምናው ወዲያው መጀመር አለበት። የእናቶችን ሞት የሚያጠኑ ሊቃውንት እነዚህን ሦስቱ መዘግየቶች ይሏቸዋል። አዲስ ሐኪም መላክ ከሦስቱ የሚነካው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

እርሱንም ቢሆን በሙሉ አይነካውም። ሆድ ከፍቶ ሕፃን ለማውጣት የሚቀድድ እጅ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ማደንዘዣ የሚሰጥ ሁለተኛ ሰው፥ ከበሽተኛዋ ጋር የሚስማማ ደም፥ የማይቋረጥ መብራትና ውሃ፥ በሚገባ የተቀቀለ መሣሪያ፥ ኦክሲጅንም ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሐኪሙ ሊያደርግ የሚችለው የማስተላለፊያ ወረቀት ጽፎ ወደ ደብረ ብርሃን መላክ ነው። ወረቀት ለመጻፍ ደግሞ ሰባት ዓመት መማር አያስፈልግም። በዚህ ሁኔታ መንግሥት «ሐኪም ልኬአለሁ» ብሎ በመዝገቡ ሊጽፍ ይችላል፤ ለእናቲቱ ግን የተላከላት ሕክምና ሳይሆን ሐኪም ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ ነገር እንዳልሆኑ አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ባሉት ቃል ልናስረዳ እንችላለን። የሐኪሙ በወረዳው መገኘት በሽታውን እንዲደብቀው ከተደረገ መድኃኒቱ አይገኝም።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። በአገራችን የተለመደው አሠራር ልምድ የሌለውን ሐኪም፥ ልምድ ይበልጥ ወደሚያስፈልግበት ቦታ፥ ብቻውን መላክ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አንድ አስቸጋሪ በሽተኛ ቢመጣ፥ ጀማሪው የበላዩን ይጠራል፤ የበላዩም ፕሮፌሰሩን ይጠራል። በወረዳ ግን ጀማሪው ራሱ የመጨረሻው ይሆናል። ሐኪሙ ልምድ ባገኘና ስፔሻሊስት በሆነ ጊዜ ደግሞ ግዴታው ያበቃል፤ ወደ ከተማም ይመለሳል። ስለዚህ ወረዳው ሁልጊዜ የሚያየው ጀማሪን ነው። የግዴታው ሕግ ይህን አለማረሙ ብቻ ሳይሆን፥ ዕድሜ ልኩን እንዲቀጥል አድርጎታል። የክርክራችን ዋና ነገር ይህ ነው፤ ሕጉ አዲሱን ሐኪም መገደዱ ሳይሆን አዲሱን ሐኪም ብቻ መገደዱ ነው ስሕተቱ።

በሌሎች አገሮችም የታየው ከዚህ አይርቅም። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1936 የሕክምና ተማሪዎች በገጠር እንዲያገለግሉ ካስገደደች ወዲህ ብዙ መንደሮች ሐኪም አይተዋል፤ ነገር ግን ያ ሐኪም ብዙውን ጊዜ ገና ያልተመረቀ፥ ክሊኒኩን ብቻውን የያዘ ወጣት በመሆኑ፥ የሕክምናውም የደኅንነቱም ጉዳይ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ1998 የአንድ ዓመት የኅብረተሰብ አገልግሎት በሐኪሞች ጀመረች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ምክር፥ የግዴታ አገልግሎት ቢኖር ተገቢ ድጋፍና ማበረታቻ እንዲታከልበት፥ ከዚያም በፊት ከገጠር የተወለዱ ተማሪዎች ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት በብዛት እንዲገቡ አሳስቧል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች፥ በገጠር ያደገ ሐኪም ተመልሶ በገጠር የመሥራቱ ዕድል ከሌላው እንደሚበልጥ ያስረዳሉ።

የራሳችንም አገር አንድ ጥሩ ትምህርት ሰጥቶናል። ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጤና መኮንኖች ለሦስት ዓመት ተጨማሪ ሥልጠና እየተሰጣቸው በገጠር ሆስፒታሎች ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ ተደርጓል፤ አልወጣ ያለውን ሕፃን ሆድ ከፍቶ ማውጣትም ከሥራቸው አንዱ ነው። ይህ የጎንደሩ አሳብ ልጅ ነው ለማለት እንደፍራለን፤ ለቦታው ተብሎ የተዘጋጀ ሰው ለቦታው ይጠቅማልና። አንዳንድ ሰዎች «የሚቆዩት ምስክር ወረቀታቸው በውጭ አገር ስለማይሠራላቸው ነው» ሲሉ ይሰማሉ። እንዲህ ከሆነ እኛንም ያሳስበናል፤ ሰው በሩ ስለ ተዘጋበት ቆየ ማለት ተወዳጅ ቤት አገኘ ማለት አይደለምና። ስለዚህ እነርሱም ቢሆኑ የደረጃና የደመወዝ ዕድገት ይገባቸዋል።

የምናቀርበው አሳብ

ትችት ብቻ አቅርቦ መቀመጥ ቀላል ስለ ሆነ፥ እኛም በበኩላችን የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፥ ግዴታው ከግለሰብ ወደ ተቋም ይዛወር። ደብረ ብርሃን በስመ ጥሩው የቀዶ ሕክምና ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ግቢ ያለው ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ትልቅ ሆስፒታልም አላት። ጎረቤላ ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለምትርቅ፥ የጎረቤላ በሽተኛ ኀላፊነት በአንድ ወጣት ስም ሳይሆን በዚያ ተቋም ስም ይጻፍ። ተቋሙ ሐኪሞቹን በተራ ይልካል፤ አንዱ ሲመለስ ሌላው ይተካል፤ የሥራው መዝገብና የበሽተኛው ታሪክ ግን አይቋረጥም።

ሁለተኛ፥ ተራው ለጀማሪ ብቻ አይሁን። ስፔሻሊስቶችና መምህራንም በየወሩ የታወቀ ቀን ወደ ወረዳው ይሂዱ፤ በሌላው ቀን ደግሞ ጀማሪው በስልክ ሲጠይቅ የሚመልስለት ሰው በስም ይመደብ። ፕሮፌሰር የማይሄድበትን ቦታ ለተማሪው ይበቃዋል ማለት ለተማሪውም ለበሽተኛውም ክብር አይደለም።

ሦስተኛ፥ ግዴታው በሁለት ወገን የሚፈረም ውል ይሁን። ሐኪሙ የሚያገለግልበት ዘመንና ሥራ ይጻፍ፤ በዚያው ወረቀት ላይ ላኪው የሚሰጠው መኖሪያ ቤት፥ በጊዜው የሚከፈል ደመወዝ፥ ለሥራው የሚያስፈልግ መሣሪያ፥ ለደኅንነቱ የሚደረግ ጥበቃና ከአገልግሎቱ በኋላ የሚያገኘው የስፔሻሊቲ ትምህርት ዕድል ይጻፍ። ሐኪሙ ውሉን ሲያፈርስ እንደሚጠየቅ ሁሉ ላኪውም ሲያፈርስ ይጠየቅ። በገንዘብ ከፍሎ የመውጣት ነገር ፈጽሞ ይቅር።

አራተኛ፥ ከአንኮበርና እርሱን ከመሳሰሉ ወረዳዎች የሚመጡ ተማሪዎች ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገቡበት መንገድ ይስፋ፤ ከመግቢያ ፈተና በፊትም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ ይታገዙ። የዛሬ ሃያ ዓመት ጎረቤላ የሚቀመጠው ሐኪም ምናልባት ዛሬ በዚያው ከተማ ፊደል የሚቈጥር ልጅ ነው።

አምስተኛ፥ የአገልግሎቱ ፍሬ የሚመዘነው በተላኩት ሐኪሞች ቍጥር ሳይሆን፥ በወረዳው ውስጥ ሊሠራ በተቻለው ሕክምና ይሁን። ስንት ሐኪም ተመደበ ከማለት፥ ስንት እናት ወደ ደብረ ብርሃን ሳትጫን በሰላም ወለደች ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሚዛኑንም ሲያዘጋጁ የወረዳው ሕዝብ ቢጠየቅ መልካም ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። የመጀመሪያው «ደብረ ብርሃን ራሷ ገና ያልሞላላት ሆና ለጎረቤላ ምን ታካፍላለች?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን የጎረቤላ በሽተኛ ሳይታከም ሲቀር በመጨረሻ የሚመጣው ወደዚያው ሆስፒታል ነው፤ የሚመጣውም በሽታው ከጠና በኋላ፥ ብዙ ወጪና ብዙ አልጋ እየጠየቀ ነው። በቦታው ቀድሞ ማከም የሆስፒታሉን ሸክም ማቅለል እንጂ መጨመር አይሆንም። ሁለተኛው «ላኪው ውሉን ቢያፈርስ ሐኪሙ ይለቀቃል፤ በሽተኛው ግን ያለ ሐኪም ይቀራል» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ከበድ ይላል። መልሳችን የሚከተለው ነው፤ ግዴታው በተቋሙ ስም ከተጻፈ አንድ ሐኪም ሲለቀቅ ተቋሙ ከኀላፊነቱ አይለቀቅም፤ ሌላ መላክ ወይም ራሱ መሄድ አለበት። በአንድ ሰው ስም የተጻፈ ግዴታ ሰውየው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ በተቋም ስም የተጻፈ ግን ይቀራል።

ለማጠቃለል ያህል፥ አዲስ ሐኪም በባላገር ማገልገል ይገባዋልን ለሚለው ጥያቄ መልሳችን አዎን የሚል ነው። የተማርነው በሕዝብ ገንዘብ ነውና ይህን ለመካድ ፊት የለንም። ነገር ግን ግዴታ በአንድ ወገን ብቻ ሲጫን ስሙ ግዴታ ቢሆንም ጠባዩ ቅጣት ነው፤ ባላገርንም የቅጣት ስፍራ ያስመስለዋል። በዚህ አስተሳሰብ ወደ ጎረቤላ የተላከ ሰው ከተማይቱን የሚያያት ልክ እንደዚያ ነው፤ ሕዝቡም ይህን ከፊቱ ያነበዋል። ላኪው የራሱን ግዴታ አስቀድሞ በፈጸመ ጊዜ ግን፥ ሐኪሙን ለማስገደድ የሚያስፈልገው ሕግ በጣም ጥቂት እንደሚሆን እናምናለን። መምህሮቻችንና የሕክምና ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ በተለይም ከዚያ በፊት በወረዳ ያገለገሉት፥ በዚህ አሳብ ላይ የሚጨምሩት ወይም የሚቃወሙት ነገር ቢኖር በሚቀጥለው እትም እንዲያቀርቡልን በትሕትና እንጠይቃለን።